ሃቲጄ የደበቀችው ቃል

ሃቲጄ አምስት ልጆቿን የወለደችው እዚያው ሮዶፒ ተራሮች ላይ፣ ከትምባሆ ማሳዋ ሳትርቅ ነው። አንዱን ጠዋት ወልዳ ከሰዓት የትምባሆ ቅጠል ለማድረቂያ በክር ስትሰካ ዋለች እየተባለ ይወራላታል፤ እሷም አትክድም። ስለዚህ የልጇ የሳሊህ ሚስት ዙምቡላ በእርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ፊቷና እጇ ሲያብጥ ሃቲጄ አልደነገጠችም።

«እማማ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለች ዙምቡላ፣ ቅጠሉን በመርፌ ክር ላይ እየሰካች።

«ሙቀቱ ነው። እኔ አምስቱንም እንደ ሊጥ ተነፍቼ ነው የወለድኩት። እናንተማ ፀሐይ ሲነካችሁ ትቀልጣላችሁ!»

ሳሊህ ዋና ከተማው ሶፊያ ሄዶ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። የመንደሩ ነርስ በደጃቸው ስታልፍ የዙምቡላን ፊት አየችና የደም ግፊቷን ለካች። መቶ ሰባ በመቶ አሥር። ዙምቡላን እንዳታስደነግጥ ሃቲጄን ለብቻዋ ጠራቻት።

«እትዬ ሃቲጄ፣ ይሄ የእርግዝና ደም ግፊት ነው። እሷንም ልጁንም ይገድላል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። አምቡላንስ ልጥራ?»

«ወንድሜ መኪና አለው፤ እሱ ያደርሳታል።»

ነርሷም አምናት ሄደች። ሃቲጄ የተከመረውን ቅጠል አየች። ካልተሰካ ይሻግታል። ለሁለት ቀን ምን ይመጣል ብላ ለዙምቡላ «ትንሽ ትረፍ ብላለች» አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዙምቡላ መርፌዋን እንደያዘች ወደቀች። ጥርሷን ነክሳ ተንፈራገጠች፤ አረፋ ደፈቀች። ሆስፒታል ሲደርሱ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ አወጡላት፤ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ግን በሕይወት። ዙምቡላ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበርና አልነቃችም።

ሳሊህ የደረሰው ለቀብሯ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ «የአላህ ሥራ ነው» ይል ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ሃቲጄ ልጇ ፊት ቆመች።

«ነርሷ ዛሬውኑ ውሰጃት ብላኝ ነበር። ለዙምቡላ አልነገርኳትም። ቅጠሉ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«ለምን ነገርሽኝ?» አለ ሳሊህ። «ሳላውቅ ብቀር ምን ነበረበት?»



ሕፃኗ ከሆስፒታሉ ማሞቂያ ስትወጣ ሳሊህ ወስዷት ፕሎቭዲቭ ከተማ፣ የዙምቡላ እህት ጋ ገባ። ሃቲጄ በየዓርቡ በአውቶቡስ ትሄዳለች። ሳሊህ በሩን ይከፍትላታል፤ ተቀመጪ ግን አይላትም። ቆማ የልጅቷን ልብስ ታጥባለች፣ ታሰጣለች። አንዳንዴ ሕፃኗ የሃቲጄን ጣት ጭብጥ ታደርጋለች። የሳሊህን እርምጃ ስትሰማ ሃቲጄ ራሷ ቀስ ብላ ጣቷን ታስለቅቃለች።