በቀለም የተሸፈኑት ስድስት ካርዶች

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀበና

ከቤቴ የወጣሁት እንጦጦ ማርያም አጠገብ ላለ ትምህርት ቤት ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ለማገናኘት ነው። የሰጣቸው የእርዳታ ድርጅት «እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ካልተገናኙ መኪና ልኬ ለሌላ ትምህርት ቤት እሰጣቸዋለሁ» ብሏል። ሦስት ባለሙያዎች ሞክረው ተመልሰዋል። አራተኛው እኔ ነኝ።

አንባቢዬ ይወቅልኝ፤ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና ስጠግን ኖሬ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ አንዱን ገዝቼ ብሎን በብሎን ፈትቼ ተማርኩት። ዛሬ ከቀበና እስከ አያት ባለዲግሪዎቹ ሲቸግራቸው የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው።

በብስኩት ቆርቆሮ አርባ ፍሎፒ ዲስክ ይዣለሁ። በውስጣቸው ያሉት ድራይቨሮች ናቸው፤ ኮምፒውተሩን ከሌሎች ጋር ከሚያገናኘው የኔትወርክ ካርድ ጋር የሚያግባቡ ትንንሽ ፕሮግራሞች። የካርዱ ዓይነት ካልታወቀ ግን የትኛው እንደሚስማማው አይታወቅም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሽሮ ሜዳ

«አባባ፣ ብስኩት ነው? አንድ አይሰጡኝም?» አለኝ ወያላው ቆርቆሮዬን አይቶ።

«ጥርስህን ከጠላኸው ውሰድ» አልኩት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ሁለተኛው ታክሲ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። የባሕር ዛፍ ጭነት ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ቅዝቃዜው ከታች ካለው ሌላ ነው፤ ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

ሦስት ሰዓት፣ እንጦጦ

የኮምፒውተር አስተማሪዋ መምህርት ሰላማዊት በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ልጆቼ የኪቦርድ ቁልፎችን የሚያውቁት ካርቶን ላይ ስዬላቸው ነው። እነዚህ ከሄዱ ወደ ካርቶኑ መመለሴ ነው» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ እኔ መጥቻለሁ።»

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ፈታሁ። ካርዱ ላይ፣ ዓይነቱ በሚጻፍበት ቦታ፣ ነጭ ቀለም ተለቅልቋል፤ በላዩም የንብረት ቁጥር ተጽፏል። ስድስቱም እንደዚያው ናቸው። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አስካለ ቁጥር ያልጻፉበት ነገር የለም፤ የመጥረጊያው እጀታ እንኳ አለው።

«ግድ የለም፣ ካርድ በመልኩ ያስታውቀኛል» አልኩ። እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል አሥራ ዘጠኝ ድራይቨር ሞከርኩ። አንዱም እሺ አላለም። በመጨረሻ ምላጭ አውጥቼ የአንዱን ቀለም ብፍቀው፣ ጽሑፉም አብሮ ተላጠ።

«ምነው ጋሼ! የመንግሥት ንብረት ይፋቃል?» አሉ አንዲት ሴት ከበሩ። ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው ነበሩ።

«ዓይኑን ያጠፉት እርስዎ ነዎት! ከሥሩ የተጻፈውን ከየት ላምጣው?»

«እሱንማ ጽፌዋለሁ።»

«የት?»

«መዝገብ ላይ ነዋ። የት ልጽፈው ኖሯል? እርስዎ ጠየቁኝ?»

ወፍራም መዝገብ ይዘው መጡ። ቀለም ከመቀባታቸው በፊት በየዕቃው ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር አንድም ሳያስቀሩ ገልብጠዋል። እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ እያንዳንዱን ፊደል ግን እንደ ጥልፍ አሳምረው ስለውታል። ስድስቱም ካርዶች አንድ ዓይነት ናቸው። ድራይቨሩስ? ከቆርቆሮዬ ውስጥ ነበር። «የዚህኛው ድራይቨር ካርድ መልኩ ሌላ ነው» ብዬ ሳልሞክረው የዘለልኩት!

ስምንት ሰዓት

ፍሎፒውን ከተትኩ፣ ጫንኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። የካርዱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። ሁለተኛውን ሠርቼ ከመጀመሪያው በገመዱ ጠራሁት፤ መለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ስድስቱም ይጠራራሉ። ሰላማዊት ዓይኗን እየጠረገች «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። ወይዘሮ አስካለ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች አላስታውስም።

የድርጅቱ ሰው መጣ። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ስሙን ጽፎ በሌላው አነበበው፤ መኪናውን ባዶውን ይዞ ወረደ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቀበና

ቁልቁል ስወርድ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። እውቀቴ አልጎደለም፤ ድራይቨሩን የጫንኩት እኔው ነኝ። ነገር ግን ከእኔ በፊት ዕቃውን በእጁ የያዘ ሰው መኖሩን፣ ያም ሰው ሊጠየቅ እንደሚገባው የተማርኩት ዛሬ እንጦጦ ላይ ነው።

ባለቤቴ በሩን ከፈተችልኝ። «ሠራልህ?»

«ሠራ።»

«መቼም ካንተ በቀር ማን ይችለዋል፤ እሱን ልትለኝ ነው» አለች እየሳቀች።

«ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ባይኖሩ አልችለውም ነበር» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። እጇን ዘርግታ ግንባሬን ዳበሰች። «ምነው፣ ብርዱ መታህ እንዴ?»