በአንድ እግር ያስዘለለን ሐኪም

ይህ የሆነው ጋምቤላ ክልል ተብላ ራሷን ማስተዳደር በጀመረች ሰሞን ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ሆኖም ሯጭ ሲያነክስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የልጅ ልጄን እታለምን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሯጭ ነበረች። ክልሉ አዲስ አበባ ላይ ለሚደረግ ውድድር ቡድን ሲያዘጋጅ ተመረጠች። ጉዞው ሲቃረብ ግን እያለቀሰች መጣች። የስፖርተኞቹ ሐኪም፣ አኙዋኩ ዶክተር ኦጁሉ፣ የቅልጥምሽ አጥንት ተሰንጥቋል፣ አትሮጪም ብሏታል።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ እሷንም አስከትዬ የሚለማመዱበት ሜዳ ድረስ ሄድኩ።

"አንተ ልጄ፣ ራጅ ሳታነሳ አጥንት ውስጥ በምን አየህ? ከደጋ የመጣን ደገኞች ስለሆንን ነው?" አልኩት።

አልተቆጣም። "እማማ፣ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ገና ሲጀምር በራጅም አይታይም። በአንድ እግር ሲዘሉ ግን አጥንቱ ራሱ ይናገራል።"

"እንግዲያው ሁሉንም እፊቴ አዘልላቸው።"

"ዘለዋል። እርስዎ ካሉ ግን ይድገሙ።"

አሰለፋቸው። የአኙዋክ ልጆች፣ የኑዌር ልጆች፣ ደገኞቹም በየተራ ዘለሉ። አንዱንም ሳያልፍ የሁሉንም ቅልጥም በአውራ ጣቱ እየተጫነ አየ። አንዱ ረጅም ኳስ ተጫዋች "እማማ፣ ተራዎ ነው" ሲለኝ ሜዳው በሳቅ ሞላ።

ሐኪሙ ወደ እታለም ዞሮ፣ "እሷን ግን አላስደግማትም፤ ያማታል" አለኝ።

"አያመኝም" ብላ ራሷ ዘለለች። ስታርፍ ፈገግ ልትልልኝ ሞከረች፤ የታችኛውን ከንፈሯን ግን ነክሳ ይዛዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሕመም ስትደብቀኝ እንዲህ ነች።

"ትቅር" አልኩ።

"እማዬ፣ አንቺም?"

"እኔም።"

ቡድኑ ሲሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከዚያ በኋላ አታናግረኝም ነበር።

ሐኪሙ ከውድድሩ ሲመለስ ቤታችን መጣ። ሕመሙ እየቀነሰ ሲሄድ ውሃ ውስጥ ያስሮጣት ጀመር፤ ውሃው ክብደቷን ይሸከምላታል አለ። ጠዋት ጠዋት ባሮ ወንዝ ዳር፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ እጇን ይዞ ይገባል። እኔ ዱላዬን ይዤ አዞ እንዳይመጣ እጠብቃለሁ።

"እማማ እያሉ አዞ አይደፍርም" አላት አንድ ቀን።

"ከመጣ እሱንም እንደ እኔ ከሩጫ ታስቀረዋለች" አለች እታለም፤ ሳቀች። ወደ እኔ ዞራ ነበር የሳቀችው። ዱላውን ጥዬ በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ የትም ይሁን እመርቀዋለሁ። እታለም ደግሞ እግሯ ድኖ፣ መቲ ከተማ የስፖርት አስተማሪ ሆናለች። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ፣ ተማሪዎቿን ከማስሮጧ በፊት በአንድ እግር ስታዘልል ደረስኩ። የዳይሬክተሩ ልጅ እንኳ አልቀረም።

አጥሩን ተደግፌ ሳይ፣ "እማዬ፣ ተራሽ ነው" አለችኝ።

ዱላዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና አንዷን እግሬን አነሳሁ።