ወግ አጥባቂው አክመል

አክመል በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ነው። ፊቱን ሁለት ጊዜ፣ ጀርባውን አንድ ጊዜ። ከዚያ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በልብስ ሳሙናውና በባትሪ ድንጋዩ መካከል ያቆመዋል። በዚያ ሱቅ ውስጥ ስልኩ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያች ስንዝር በማትሞላ ቦታ ብቻ ነው። መልእክት ሲገባ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይወጣበትና አንገቱን አስግጎ ያነባል። እኛ የቡራዩ ኬላ ደንበኞቹ ሳጥኑን «ወንበሩ» እንለዋለን። «አክመል የለም እንዴ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ወንበሩ ላይ ነው» ከተባለ ትንሽ መታገሥ እንዳለበት ያውቃል፤ አክመል የፓርቲ ሊቀመንበር ነውና።

ፓርቲው ያለው በእውኑ ዓለም አይደለም፤ «የዘምባባ ምድር» በሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ነው። ሁለት መቶ የሚሆኑ ተጫዋቾች በየከተማቸው ተቀምጠው ለዚያች ለሌለች ሀገር ሕግ ያወጣሉ፤ በየሦስት ወሩም ጠቅላይ ሚኒስትር ይመርጣሉ። እያንዳንዱ ፓርቲ አባላቱ እየገቡ የሚጽፉበት «አዳራሽ» አለው።

አክመል ወግ አጥባቂ የሆነው በስህተት ነው። በ2007 ክረምት፣ ዝናቡ ደንበኛ ባስቀረበት ቀን፣ ጨዋታውን ከፍቶ የፓርቲዎቹን ስም አነበበ። ተራማጅ፣ ለዘብተኛ፣ አረንጓዴ፣ ወግ አጥባቂ።

«ተራማጅ እንዳልሆን ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው» አለኝ ሲያጫውተኝ። «ወግ አጥባቂ የሚለውን ሳይ ግን ደስ አለኝ። ጨዋታ የሚወዱ፣ ወግ ሲያወጉ የሚውሉ ሰዎች መሰሉኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ ምን ሙያ አለኝ?»

አዳራሹ ሲገባ ባዶ ነበር። ሁለት ሰዎች ስለ ግብር ተጨቃጭቀው ከወጡ ወር አልፏቸዋል። አክመል «አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ጀመረና፣ ግማሹን የታጠበበትን ሳሙና «ሽታው አልተስማማኝም» ብሎ ሊመልስ ስለመጣ ደንበኛ ጻፈ። በማግስቱ ሆለታ አበባ እርሻ የምትሠራው ትህትና የራሷን ጻፈች። ከሱሉልታ ገነት የምትባል የወተት ነጋዴ ስለ አንዲት አመለኛ ላሟ ጻፈች። አንድ የተማረ አባል መጥቶ «እዚህ ላይ ወግ ማለት ልማድ ነው፣ ሥርዓት ነው፤ ጨዋታ ማለት አይደለም» ብሎ ሲያስረዳው፣ አክመል ሊቀመንበር ከሆነ ቆይቷል።

አንድ ቀን ሙሉ አሰበበት። ከዚያ «ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መስማትም እኮ የቆየ ልማዳችን ነው» ብሎ መለሰ። የፓርቲው አንቀጽ አንድ የተጻፈው ያን ዕለት ነው፦ «ወጉን የጀመረ ሰው ሳይጨርስ አይቋረጥም።»

በ2008 ኅዳር፣ በእውኑ ዓለም ስለ አዲስ አበባው ማስተር ፕላን ውዝግቡ በበረታበት ሰሞን፣ በጨዋታውም አንድ ረቂቅ መጣ፤ ዋና ከተማዋ ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ትስፋ የሚል። ያቀረበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የተራማጆቹ መሪ ሕዝቅያስ ነበር። ሕዝቅያስ ከዱራሜ መጥቶ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል። ከአክመል ጋር በክርክር ብዛት ስልክ እስከመለዋወጥ ደርሰዋል።

አክመል ረቂቁን ወንበሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። ከሱቁ ጀርባ ገብስ የሚዘሩት ኦቦ ደቻሳ እንደ ልማዳቸው በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«ባለመሬቶቹ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ ኦቦ፣ ጨዋታ ነው፤ ባለመሬት የለውም።»

«እንግዲያው የእኔን ጻፍላቸው። ዱቢን ሂንዱምኔ በላቸው።» ነገሩ ገና አላለቀም ማለታቸው ነው።

አክመል እንደተባለው ጻፈ፤ በአንቀጽ አንድ መሠረት ባለመሬቱ ተናግሮ ሳይጨርስ ድምፅ አይሰጥም አለ። ለዘብተኞቹም አረንጓዴዎቹም ደገፉት፤ ረቂቁ ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሕዝቅያስ ደውሎ «ሰውዬ፣ ሱቅህንና ፓርላማውን አምታተሃቸዋል» አለው።

በታኅሣሥ በተቃውሞው መንገዱ ተዘጋ። ሱቆች ለቀናት ተዘግተው ዋሉ፤ ሰው ልጁን ይዞ ከቤት አልወጣም አለ። ዳታም ጠፋ። አክመል ግን ጠዋት ጠዋት ላሜራውን ግማሽ ከፍቶ ይገባና ስልኩን ወልውሎ ቦታው ላይ ያቆመው ነበር።

የጨዋታው ደንብ ጥብቅ ነው። ለመጪው ምርጫ የዕጩዎቹን ስም እስከዚያ ሳምንት ዓርብ አመሻሽ 12 ሰዓት ያላስገባ ፓርቲ ከነአዳራሹ ይሰረዛል። ትህትና ከአባቷ ጋር ከወላይታ እስከ ሆለታ የመጡበትን መንገድ በአሥራ አንድ ክፍል የጻፈችው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አባቷ ዛሬ የሉም። ሌላ ቅጂም የላትም።

ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ አክመል የትም ቢሆን ኔትወርክ በሚይዘው በኦቦ ደቻሳ ባለቁልፍ ስልክ ወደ ሰበታ ደወለ። የፋብሪካው ቢሮ የገመድ ኢንተርኔት እንዳለው ያውቃል።

«ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። በእኔ ስም ገብተህ የዕጩዎቻችንን ስም አስገባልን።»

«የይለፍ ቃልህን ለተቃዋሚ ልትሰጥ ነው?»

«አንተማ መንግሥት ነህ። ተቃዋሚው እኔ ነኝ።»

ሕዝቅያስ ሳቀ። አክመል ስሞቹን መዘርዘር ሊጀምር ሲል፣ ከልማዱ የተነሳ «ለመሆኑ አንተስ እንዴት ሰነበትክ?» አለው።

ስህተቱ ይኼ ነበር። ሕዝቅያስ ወጉን ጀመረ። መንገዱ ስለተዘጋ ፋብሪካው ውስጥ ካደረ ስድስት ቀኑ ነው። የሚተኛው በጥቅል አቡጀዲ ላይ ነው። ዱራሜ ያሉት እናቱ በዜና የሰሙትን ሁሉ በእሱ ላይ የደረሰ እያደረጉ ያለቅሳሉ። ከዚያ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ፤ ወደ እንሰት ጓሯቸው ገባ፣ ከጓሮው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ተሻገረ።

ኦቦ ደቻሳ የግድግዳውን ሰዓት በከዘራቸው ያሳያሉ። 11 ሰዓት ከሠላሳ። 11 ሰዓት ከአርባ።

«ቁረጠው እንጂ» አሉ በሹክሹክታ።

አክመል የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ «አንቀጽ አንድ ነው እኮ፣ ኦቦ» አላቸው። ላብ በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር። እንደገና ወደ ስልኩ ተመልሶ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ።

11 ሰዓት ከሃምሳ አንድ ላይ ሕዝቅያስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «በቃ፣ ይኸው ነው» አለ። «ስድስት ቀን ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም። በል ስሞቹን ጥራ፤ ቶሎ በል።»

አሥራ ሰባቱን ስሞች አክመል በአንድ ትንፋሽ ጠራቸው። የይለፍ ቃሉን ሲናገር ኦቦ ደቻሳ እንዳይሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከሰበታ «ገብቷል፣ ክቡር ሊቀመንበር» የሚል ድምፅ መጣ። ኦቦ ደቻሳ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሱቁ የእሳቸው ይመስል ለራሳቸውም ለአክመልም ለስላሳ ከፈቱ።

ዳታው ሲመለስ አዳራሹ እንዳለ ነበር። የትህትና አሥራ አንዱም ክፍሎች አሉ፤ አሥራ ሁለተኛውን ያን ዕለት ጨመረችበት።

ምርጫው በጥር ተካሄደ። ወግ አጥባቂዎቹ ያን ያህል ለሥልጣን ቀርበው አያውቁም፤ አክመል 97፣ ሕዝቅያስ 98 አገኙ። ድምፅ የሰጡት የወግ አጥባቂዎቹ አባላት ግን 98 ነበሩ፤ ለካ ከራሳቸው አባላት አንዱ ድምፁን ለተራማጆቹ ሰጥቷል። «ከእኛ ውስጥ የከዳን ማነው?» ብለው ኦቦ ደቻሳ ከማንም በላይ ተቆጡ። በአዳራሹ ምርመራ ተከፈተ። እያንዳንዱ አባል በምርጫው ሰዓት የት እንደነበረ እንዲያወጋ ተጠየቀ። ገነት ላሟ ባልዲ ደፍታባት እንደነበር በሦስት ገጽ አስረዳች። አዳራሹ እንደዚያ ሰሞን ደምቆ አያውቅም። አክመል ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ አንዱንም አላቋረጠም።

«ሁሉንም ጻፊው» አለኝ ባለፈው ሳሙና ሊጠቀልልልኝ ጋዜጣ እየቀደደ። «አንዷን ብቻ ተዪያት። ኦቦ ደቻሳ እስካሁን አልሰሙም።»

በምርጫው ቀን ወንበሩ ላይ ወጥቶ አዳራሹን ያተረፈላቸውን ሕዝቅያስን የመረጠው እሱ ራሱ ነው።