ዓይን ትቶ ጆሮ የሚያነሳው የወንድሜ ሌንስ

የወንድሜን ሞት የነገረኝ ካሜራ ጠጋኙ ነው። ረቡዕ ረፋድ ላይ የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«እትዬ፣ ጋሼ እኔ ሱቅ ናቸው» አለኝ።

«ካሜራውን ይዞ?»

«አዎ፣ ይዘው።»

ሳቅሁ። «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? አሥራ አንድ ዓመት ለምኜው እምቢ ያለ ሰውዬ!»

ጠጋኙ አልሳቀም። «እትዬ፣ ይምጡ። ብቻዎን ግን አይምጡ» አለኝ።

ብቻሽን አትምጪ የሚባለው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። መርፌውን ሰካሁ፣ ማሽኑን ከደንኩ፣ ብቻዬን ሄድኩ።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ፎቶ አንሺዎች ስለ ወንድሜ ብዙ አወሩ። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ከሁሉም በላይ አወራ። «ዓይንን በጉም ሸፍኖ የሰውን ውስጥ የሚያሳይ ጥበበኛ አጣን» አለ። የተቀሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኸው ሊቀመንበር የወንድሜን ፎቶ አሳጥቦና አስፍሞ ይዞ መጥቷል፤ እሱ ራሱ ያነሳው ነው። ፎቶው ላይ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኗል።

ጉም የሚባል ነገር አልነበረም። ካሜራው ተበላሽቶ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃሉ፤ በቁሙ ሳለ «ጆሮ» ብለው ቅጽል ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሆነውን እኔ ብጽፈው ይሻላል።

ወንድሜ ታላቄ ነበር። ፎቶ ቤቱ አንድ ያረጀ ፎቅ ላይ፣ ሁለተኛው ደርብ መጨረሻ ያለች ክፍል ናት። አንድ ትልቅ መስኮት፣ አንድ ግራጫ መጋረጃ፣ አንድ እግሩ የሚያጥር በርጩማ። በርጩማው እንዳይወዛወዝ የታጠፈ ካርቶን ከሥሩ ያደርጋል፤ ካርቶኑ በየሳምንቱ ይጠፋል፤ በየሳምንቱ ሌላ ያጥፋል። እግሩን ማስቀጠል ግን በሐሳቡ አልፎ አያውቅም። የተበላሸ ነገርን ሳይጠግኑ ከእሱ ጋር መኖር የሱ ሙያ ነበር፤ ፎቶ ትርፍ ሥራው ነው።

ካሜራው አሁን ሰው የሚይዘው ዓይነት አይደለም። ብዙዎቹ ካሜራዎች የሚያሳዩት በሌንሱ በኩል ነው። የእሱ ግን ከሌንሱ በላይ፣ ጥግ ላይ፣ ለብቻዋ የተቀመጠች ትንሽ መስኮት አለችው፤ የሚያየው በእሷ ነው። ሌንሱ የሚያየው ሌላ፣ ሰውየው የሚያየው ሌላ። በዚህ የተነሳ የሌንሱን ክዳን ሳያነሱ ፊልም ሙሉ ጨርሰው ጥቁር የሚያጥቡ ሞልተዋል። ወንድሜም አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን በሙሉ ክዳኑ ላዩ ላይ እያለ አንስቶ ሲያበቃ፣ «እንደገና ተሰለፉ፣ ይኼኛው ልምምድ ነበር» ብሏቸዋል።

በመስኮቷ መሃል ላይ ፈዘዝ ያለች ቢጫ ነጥብ አለች። በነጥቧ ውስጥ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። ሌንሱን ሲያዞሩት ሁለቱ እየተጠጉ ይመጡና አንዱ ባንዱ ላይ ሲገጥም ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። «ለሰካራም አንዱ ሰው ሁለት ይሆንበታል፤ እኔ ሁለቱን መልሼ አንድ አደርጋለሁ» ይል ነበር። ይህን ቀልድ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ነግሯል። አንዳንዶቹ ሁለቴ ሰምተውታል።

ሌንሱ በሚሊሜትር ተለክቶ ዘጠና የሚሉት ነው። ከተራው ሌንስ እጥፍ ያህል ያቀርባል፤ የአንበሳ ጥርስ ከሩቅ ከሚቆጥሩት መድፍ መሳይ ሌንሶች ጋር ሲነጻጸር ግን ጨቅላ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ለፊት የሚመቸው እሱ ነው ይላል። በተራው ሌንስ ፊትን ለመሙላት የሰውየው አፍንጫ ሥር መግባት ግድ ነው፤ አፍንጫውም እንደ ድንች አብጦ ይወጣል። በዘጠናው ሁለት እርምጃ መራቅ ይቻላል፤ ተነሺው ይተነፍሳል፣ አፍንጫውም በልኩ ይቀመጣል። ችግሩ በዚያች መስኮት ውስጥ የዘጠናው ክልል ኢምንት መሆኑ ነው። መሃል ላይ ቴምብር የምታህል ነጭ አራት ማዕዘን ትታያለች፤ ፎቶው እሷ ናት፣ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው።

ሊቀመንበሩ «በቁልፍ ቀዳዳ ነው እንዴ ሰው የምታነሳው?» ይለዋል።

ወንድሜ ደግሞ፣ «አንተ ሰውየውን ብቻ ነው የምታየው። እኔ ወደ ሰውየው የሚመጣውንም አያለሁ» ይለዋል። እውነቱን ነው። ከነጯ ክልል ውጪ ያለውን ፈገግታ ገና ሳይደርስ ያየው ነበር፤ እናት ከበሩ በኩል ብቅ ስትል፣ ልጅየው ሳይዞር፣ ወንድሜ ጣቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ ግን ሕፃን ልጅ የሚከብድ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በአንዲት ሴኮንድ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። ከአሥሩ የትኛውን እንደሚመርጥ በለቅሶው ዕለት አይተናል።

እስከዚህ ድረስ ወንድሜ ትክክል ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደረጃው ላይ የካሜራው ማንገቻ ተበጠሰ። ካሜራው አራት ደረጃ ተንከባለለ። አነሳው፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው፣ «ምንም አልሆነም፤ የድሮ ብረት ነው» አለ። ብረቱ እውነትም ምንም አልሆነም። ውስጡ ያለው መለኪያ ግን ተዛንፎ ነበር። ሁለቱ ምስል ዓይን ላይ ሲገጥሙ፣ ሌንሱ የሚያጠራው ከዓይን አራት ጣት ወደ ኋላ ያለውን ነው፤ ማለትም ጆሮን። ተራው ሌንስ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉንም ስለሚያጠራ ስህተቱን ይደብቀዋል። ዘጠናው ግን ከቅርብ ሲያነሱበት የሚያጠራው ቀጭን ነገር ነው። ዓይን ከያዘ ጆሮን ይለቃል፤ ጆሮ ከያዘ ዓይንን ይለቃል።

በወሩ እናታችንን አነሳት። ከሦስት ወር በኋላ ሞተች። የመጨረሻ ፎቶዋ እሱ ነው። የጆሮ ጌጧ ላይ ያለው ጭረት ይታያል፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዓይኖቿ የሉም። በቦታቸው እንፋሎት የመሰለ ነገር አለ።

«ጋሼ፣ ዓይኗ የት ሄደ?» አልኩት።

«ተነቃንቃ ነው።»

«ማ? እማዬ?»

«አዎ፣ እማዬ! ሰው አይደለችም? አትነቃነቅም?»

እናታችን ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል ሦስት ሰው በተራ የምትቆጣ ሴት ነበረች።

ያን ቀን ማልኩ፤ ካሜራው ካልተጠገነ ከፊቱ ላልቀመጥ። እሱም «እኔ በቁሜ እያለሁ ማንም ካቻቢቴ አያስነካትም» ብሎ ማለ። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ሁለታችንም መሐላችንን አከበርን።

ደንበኞቹ ቶሎ አልነቁም። እንዲያውም ጉርድ ፎቶ የሚቀበሉ ቢሮዎች ጆሮ በግልጽ ይታይ ስለሚሉ ለሁለት ወር ያህል ተመሰገነ። «ጆሮ» የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው። ከዚያ አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን አይታ ስታለቅስ ጊዜ መላ ፈለገ። መላው ይህ ነው። ሁለቱን ምስል ዓይን ላይ ያገጥማል፤ ከዚያ ከወገቡ በላይ አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከዚያ ይጫናል። ካሜራው የዋሸውን ያህል እሱ ወደ ኋላ ሄዶ ያካክሳል።

ሠራለት። ዓይኖች ተመለሱ። ነገር ግን ተነሺው ፎቶ አንሺው ፊቱን አይቶ የደነገጠ ይመስለዋል። አንዲት ሴትዮ «ይህን ያህል አስደነግጣለሁ እንዴ?» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጥታለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜትሬ ቢሳሳት ሜትሬን እጥላለሁ እንጂ የሰውን ሁሉ ሱሪ ሁለት ጣት እያስረዘምኩ አልኖርም። ይህንኑ ነገርኩት።

«ሜትርና ካሜራ አንድ ናቸው?» አለኝ።

«እሺ፣ ካልተበላሸ ለምን ትለጠጣለህ?»

«ለወገቤ ጥሩ ነው።»

በቀን ሃያ ጊዜ በወገቡ ያምናል፤ በአፉ አንድ ቀን አላመነም። ካሜራው ተበላሽቶ ነበር ካለ፣ እማዬ አልተነቃነቀችም ማለት ነው። እማዬ ካልተነቃነቀች ደግሞ የመጨረሻ ፎቶዋን ያበላሸው እሱ ነው። ይህ የገባኝ አሁን ነው። ያኔ የሚታየኝ ግትርነቱ ብቻ ነበር፤ እኔም በማሽን ላይ ተቀምጬ በእሱ መሳቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጠጋኙም ሰበብ ሰጥቶታል። በመጀመሪያው ዓመት፣ በእኔ ጭቅጭቅ፣ ወንድሜ እስከ ሱቁ ሄዶ ነበር። ጠጋኙ ካሜራውን ሳይነካ «ሁለት ሳምንት ይተዉልኝ» አለው። ሁለት ሳምንት ያለ ካሜራ! ዞሮ ወጣ። ጠጋኙ ለሁሉም ሰው የሚለው ሁለት ሳምንት ነው፤ የሰዓት ባትሪ ለመቀየርም ሁለት ሳምንት ይላል።

አምና ወገቡ እምቢ አለው። መለጠጡ ቀረ፣ ጆሮዎቹ ተመለሱ። ሊቀመንበሩ ጉሙን ያገኘው ይኼኔ ነው። ከፎቶዎቹ ስድስቱን የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ሰቀለና ንግግር አደረገ። «ሆን ብሎ ከዓይን የሸሸ፣ ዝምታን ያነሳ» አለ። ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል?» አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሌንሱ ከተናገረው እውነተኛው ይህ ነው። ሰዉ ሲያጨበጭብለት ግን ተነስቶ፣ ወገቡ የፈቀደለትን ያህል፣ እጅ ነሳ።

ባለፈው ሰኞ ቤቴ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት።

«ሐሙስ ስልሳ ትሞያለሽ» አለኝ።

«ማን ጠየቀህ?»

«በአራት ሰዓት ነይ። ያቺን ሰማያዊ ቀሚስ ልበሻት። ላነሳሽ ነው።»

«ካሜራው ተሠራ?»

«አንቺ ብቻ ነይ።»

«ጆሮዬን በመስታወት አየዋለሁ፣ ጋሼ። ይበቃኛል።»

«ማንሳትስ ምላስሽን ነበር» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እኔም ሲሄድ በሩ ድረስ አልሸኘሁትም። ቀሚሷን ግን ማታውኑ ተኮስኳት።

ረቡዕ የሆነውን የነገረኝ ጠጋኙ ነው። ወንድሜ ሱቁ እንደተከፈተ ገባ። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ሁለት ሳምንት ብትለኝ በዚህች ብረት ነው አናትህን የምልህ። ነገ እህቴን አነሳለሁ» አለው። ጠጋኙ ሳቀና ወንበር ሰጠው። ወንድሜ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የእናቴን ፎቶ ያበላሸው ይሄ ካሜራ ነው። እሷ አልተነቃነቀችም» አለ። ደክሞኛል ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ጠጋኙ ካቻቢቴውን ከመሳቢያ አውጥቶ ሲዞር፣ አልፏል።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን የሰማው ካሜራ ጠጋኝ ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጠጋኙ ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ተሠርቷል።

«ምን ሆኖ ነበር?» አልኩት።

መሬት መሬቱን እያየ፣ «አንዲት ብሎን ናት፣ እትዬ። ግማሽ ዙር» አለኝ።

«ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?»

«አሥር… ሽፋኑን መፍታት ጨምሮ።»

«ሁለት ሳምንት ብለኸው ነበር።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ።»

አልተቆጣሁትም። ሞኝነቱን ለሦስት ብንካፈለው ትንሿ ድርሻ የእሱ ናት።

ሊቀመንበሩም ሰምቶ መጣ። «በራሱ ካሜራ እኔ ላንሳሽ። ማስታወሻ ይሆናል፤ ማኅበሩም ይሰቅለዋል» አለኝ። እምቢ ሳልለው ካሜራውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ በመስኮቷ አነጣጠረብኝ፣ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። «ይገርማል! ጥርት ብለሽ ነው የምትታዪው» አለ። የሌንሱ ክዳን አልተነሳም ነበር። ተቀበልኩትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሊቀመንበሩ ሻይ አልተቀዳለትም።

ፊልሙ ውስጡ ነው። ቁጥሩ ሃያ ዘጠኝ ላይ ቆሟል፤ ከሠላሳ ስድስቱ ሰባት ይቀራል። ሰማያዊዋ ቀሚስ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ማንጠልጠያው ላይ ናት። ካሜራው ደህና ነው። የእኔ ፎቶ አልተነሳም።