የነገሪ ልበ ድንጋዮች

ነገሪ ጆቴ የአዳማ ሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም። ስድብ በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ያካሂደዋል፤ የቀረውን ከፈረንጆቹ በቃረማት ፈረንሳይኛ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ሳይሰደብ የሚያመልጠው ሰው አልነበረም። ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ሚስቱ በወባ ከሞተች ወዲህ የቀረችው የዘጠኝ ዓመቷ ዲንቄ ብቻ ናት፤ ለእሷ ሲል የማይቧጥጠው ገደል አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን ለገሃሩ አጠገብ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ተማሪዎቿ ሠላሳ ነን፤ ዲንቄ ብቸኛዋ ሴት፣ ደሊል ብቸኛው ባለ ትዳር። በ1923 ዓ.ም. የመጣው አዲሱ ፈረንሳዊ የጣቢያ ሹም ክፍሏን ለቆዳ መጋዘን ተመኛት። መምህራችን ዘገዬ ሄደው ሲለምኑት ሹሙ ፈገግ አለና እንቁላል የመሰለ ኳስ አወጣላቸው። በአገሩ ራግቢ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በሐዲዱ ላይ ያሉት ከተሞች እንዲጫወቱለት ይፈልጋል። በዚያ በጋ ካሉን ሦስት ግጥሚያዎች አንዱን ካሸነፍን ክፍሏ የእኛ ናት፤ ካላሸነፍን የቆዳ። በአካባቢው ሌላ ትምህርት ቤት የለም። ክፍሏ ከሄደች ዲንቄ መማር የምትችለው አዲስ አበባ፣ አክስቷ አረጋሽ ዘንድ ነው። ነገሪ ደግሞ ልጁ ከዓይኑ ስትርቅ ማየት አይሆንለትም፤ ወንዝ ስትወርድ እንኳ ሰው ያስከትልባት ነበር።

ስለዚህ አሠልጣኛችን ሆነ። ድሬዳዋ ሲሠራ ፈረንሳዮቹ ሲጫወቱ አይቷል። «ኳሱን ታቅፎ መሮጥ፣ የያዘህን ጥሎ ማለፍ ነው። ሌላ ምን አለው!» አለን። እኛም ሌላ ምን አለው ብለን ሞጆ ሄድን።

አለው እንጂ! ጨዋታው ገና ሲጀመር ሯጫችን ኢተፋ ኳሱን ታቅፎ ፈተለከ። አንድ የሞጆ ልጅ ከኋላው ተወርውሮ ሁለት እግሮቹን ጥምጥም አድርጎ ያዘና መሬት ላይ ተዘረጋ። ኢተፋ ደግሞ ሰው ያሳደገው ልጅ ነው። ሰው እግርህ ላይ ወድቆ ጉልበትህን ከያዘ ይቅርታ እየለመነህ ነው፤ አለማንሣት ነውር ነው። ስለዚህ ቆመ። ኳሱን ቀስ ብሎ አስቀምጦ ልጁን በሁለት እጁ አነሣውና «ተነሣ ወንድሜ፣ ይቅር ብያለሁ» አለው። ልጁ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት አፈጠጠ። በዚህ መሀል ሌላው የሞጆ ልጅ ኳሱን ይዞ ሄዶ መስመራችን ላይ አስቀመጠና ነጥብ ተቆጠረለት። እኛ ለኢተፋ እያጨበጨብን ነበር።

ያን ቀን ስድስት ጊዜ ይቅር ብለን ተሸነፍን።

ነገሪ እስክንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሲሰድበን መጣ። «ለምኗችሁ አይደለም እኮ! ሊጥላችሁ ነው!»

«ታዲያ ጋሼ ነገሪ፣» አለ ደሊል፣ «እግሬን የያዘውን ሰው ረግጬው ልለፍ?»

«ርገጠው!»

«ኋላ ሰው ምን ይለኛል?»

ለሁለተኛው ግጥሚያ አዋሽ ስንደርስ ወሬያችን ቀድሞን ደርሷል። አዋሾች ኢተፋን ሲይዙት «ስለ ማርያም!» ደሊልን ሲይዙት «ስለ ነቢ!» ይላሉ። የሁላችንንም ሃይማኖት አጣርተው ነው የጠበቁን። ይባስ ብሎ አንድ ሽማግሌ ከተመልካች መሀል ተነሥተው ሜዳ ገቡና ደሊልንና ያዢውን ለማስታረቅ ቁጭ አደረጓቸው፤ ጨዋታው ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። ተሸነፍን፤ ግን በደንብ ተመረቅን።

ከዚያ ወዲያ ነገሪ አንድ ወር ሙሉ ራሱ እግራችን ላይ እየወደቀ አሠለጠነን። በመጀመሪያው ቀን አባት የሚሆነን ሰው ሲወድቅብን ደንግጠን እኛም ወደቅን፤ አሥራ ስድስት ሰው አቧራ ላይ ተንበርክኮ እርስ በርሱ «ይነሡ፣ ተነሣ» ሲባባል ዋለ። «ልባችሁን ድንጋይ አድርጉ!» ይላል ከመሬት። በወሩ መጨረሻ ረግጠነው ማለፍ ለመድን። አፍንጫው አብጦ፣ ክርኑ ተልጦ፣ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የመጨረሻው ግጥሚያ አዳማ ላይ፣ ከሞጆ ጋር ነበር። በዚያው ጠዋት የደሊል ሚስት ምጥ ያዛትና ከአሥራ አምስታችን አንድ ጎደለን፤ የቀሩት ተማሪዎች ገና ሕፃናት ናቸው። ነገሪ ሱሪውን ጠቅልሎ ሜዳ ገባ፤ ሹሙም ሳቀና ፈቀደ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን አውሬ ሆንን። ኢተፋ ሁለት ለማኝ ረግጦ አለፈ። ሊያልቅ ሲል እኩል ለእኩል ነበርን፤ ኳሱ እየነጠረ መጥቶ ነገሪ እቅፍ ውስጥ ገባ።

ፊቱ ባዶ ሜዳ ነው። ዲንቄ በርሜል ላይ ቆማ «ፊጊ አባ! ፊጊ! ሩጥ!» ትላለች። ሮጠ። ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ሲቀረው አንድ ቀጫጫ የሞጆ ልጅ ደረሰበትና እግሩ ላይ ወደቀ፤ ሞጆዎችም አጣርተው ኖሯል። «በልጅዎ! በዲንቄ ይዤዎታለሁ!»

ነገሪ ቆመ።

«ርገጡት!» እያልን ጮኽን። ልጁ ላባ ነው፤ ጎትቶት መግባት ይችል ነበር። መስመሩን አየ፤ ልጁን አየ። ኳሱን አስቀመጠና ልጁን አነሣው። ሞጆዎች ኳሱን ይዘው ሄዱ፤ እኛም በዚያው ተሸነፍን።

ዲንቄ ከበርሜሉ ወርዳ መጣች። «ለምን ቆምክ?»

«ባንቺ ለመነኛ።»

«ታዲያ እኔስ?»

ነገሪ ጎንበስ ብሎ የጠቀለለውን ሱሪ መዘርጋት ጀመረ።

ሰኞ ቆዳው ገባ። በአሥረኛው ቀን ዲንቄ የአባቷን የክረምት ጋቢ ተከናንባ የአዲስ አበባው ባቡር ላይ ወጣች። መላው ቡድን ልንሸኛት ወጥተን ነበር፤ ደሊልም አራስ ቤቱን ትቶ መጥቷል። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ በመስኮቱ «ጋሼ ኢተፋ፣ አባቴን አደራ፣ ብቻውን እራት አይበላም» አለች። ባቡሩ ሲነቃነቅ ነገሪ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ እንደ ወትሮው በኦሮምኛ ስድብ ጀመረ። አማርኛው ጋ ሳይደርስ አቃተው።