የስልቻው ቅባት

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። የንስሐ አባቴ ከጾም መግደፍ እስከ ክፉ ሐሳብ ብዙ ነገር ሰምተውኛል፤ ይህን ግን ሳይሰሙ አረፉ። ሚስቴም አታውቅም። አሁን፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ለማላውቅህ ለአንተ እናገራለሁ። ለምን ለአንተ እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርስበታለህ።

አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን አንድ የውጭ አገር መምህር ከጅማ ሲወጣ የአገሩን የሙዚቃ መሣሪያ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። በብብት የሚታቀፍ የቆዳ ስልቻ ነው፤ ከሥሩ ጣት የሚጫወትበት ዋሽንት፣ ከትከሻው ረጃጅም የእንጨት ቱቦዎች፣ ከላይ ደግሞ በአፍ የሚነፋበት ቱቦ ተሰክተውበታል። የከተማው ሰው «ስልቻው» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እኔ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ መንፋት አልሆነልኝም። መንከባከብን ግን ተማርኩ፤ ይህን ስናገር አላፍርም፣ በእኔ ልክ ያወቀው አልነበረም። እንጨቱ ጥቁርና ጠንካራ ነው፤ ሲነፋ ውስጡ በትንፋሽ ይርሳል፣ ውጪው በበጋው ነፋስ ይደርቃል፤ ካልተቀባ በመካከል ይሰነጠቃል። ጥጥ በቀጭን እንጨት ላይ ጠምጥሜ፣ በስሱ ዘይት አስነክቼ፣ የቱቦውን አንጀት ከዳር እስከ ዳር እቀባለሁ። ፀሐይ ሳላሳየው አሳድረዋለሁ፤ በማግሥቱ የተረፈውን እጠርጋለሁ። ይህን ሥራ ለማንም አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም።

የሚነፋው ሸምሱ ነበር፤ የጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ፣ እኩያዬ፣ መንዙማ ሲል ትንፋሹ የማያልቅ ሰው። መጀመሪያ ያቀፈው ዕለት «ያ በርሲሳ!» አለኝ፤ በኦሮምኛ «አንተ መምህር» ማለቱ ነው። «የታረደ ፍየል ከነእግሩ ያቀፍኩ መሰለኝ እኮ! ሰው ቢያየኝ፣ ስንት ነው ይለኛል!»

ስቆ ሲያበቃ ስልቻው የምን እንስሳ ቆዳ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ በገዛ እጁ ቢስሚላህ ብሎ ያረደውን በግ ቆዳ አልፍቶ፣ ራሱ ሰፍቶ መጣ።

«በዚህ አፍ ቁርኣን እቀራበታለሁ» አለኝ። «ቆዳው በእኔ፣ እንጨቱ በአንተ። አፌ የሚነካውን አንተ ታውቃለህ። አደራ!»

አደራውን ተቀበልኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ ስልቻው በከተማው የኪነት ቡድን ንብረትነት ተመዝግቦ ሸምሱም በቡድኑ ውስጥ እየነፋው ሳለ፣ ዘይት ከቀበሌ ሱቅ ጠፋ። የክፍለ ሀገሩ የኪነት ውድድር በቀረበበት ሰሞን በመንፊያው ቱቦ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ። ጥቂት የኑግ ዘይት ለምኜ ቀባሁ፤ እንደ ሙጫ ረጋ። ቅቤው ሸተተ። የበግ ስቡ እንደ ሻማ ደረቀ። የኪነት ኃላፊው ደግሞ ቁርጡን ነገረኝ፤ ስልቻው በመድረክ ላይ ካላማረበት አዲስ አበባ ሄዶ መጋዘን ይገባል።

በዚያው ሰሞን መምህራን ለቡና ለቀማ ከጅማ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ የቡ ዘመትን። አንድ ገበሬ በቆሎውን ያወደመበትን ከርከሮ በወጥመድ ገድሎ፣ ጅብ ይብላው ብሎ ከማሳው ዳር ጥሎት ነበር። የከርከሮ ስብ ለስላሳ እንደሆነና ቶሎ እንደማይደርቅ አንብቤ አውቃለሁ። ለእኔም ለክርስቲያኑ እርም ነው። ሆኖም ከቡናው ዛፍ ጀርባ ተደብቄ በሰንጢዬ ቆረጥኩ፤ በጣሳ አቀለጥኩ፤ በጥጥ አጠለልኩ። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ቆረጥኩ፣ እኔ ቀባሁ።

እንጨቱ ጠጣው። መስመሩ ቆመ። ሸምሱ ነፍቶ ሲሞክረው ዓይኑ በራ።

«ምን ቀባኸው? ወለላ ሆነ እኮ!»

«የበግ ስብ።»

«ማን ያረደው?»

«ከእናንተው ሉካንዳ ነው።»

«ገለቶሚ፣ ያ በርሲሳ» ብሎ በኦሮምኛ አመሰገነኝ። «አላህ እጅህን ይባርከው።»

ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቅ? የሰጠኝ አደራ ነበር።

በውድድሩ ቀን የስልቻው ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ ከአጋሮና ከሰኮሩ የመጡት ሁሉ ቆመው አጨበጨቡ። አንደኛ ወጣን። መጋዘኑ ቀረ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሰማሁት የሸምሱን ዜማ አልነበረም፤ የእንጨቱን ጤና ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ችግር አስገደደኝ ልል እችል ይሆናል። ታዲያ ዘይት ወደ ሱቅ ሲመለስ ለምን አልተውኩም? ለምን በየበጋው የቡ እየሄድኩ ያንኑ ስብ ፈለግሁ? ድምፁ ስላማረኝ ነው። ደግሞም ለራሴ፣ እንጨት ሃይማኖት የለውም፣ የማያውቁት ነገር አያረክስም እያልኩ እከራከር ነበር። በሰው አፍ ላይ እንድፈርድ ማን ሾመኝ? የተማርኩት ትምህርት ለዚህ ነበር? ያቺን «ከእናንተው» የምትል ቃል የመረጥኳት እንደሚያምናት አውቄ ነው። ከስቡ ይልቅ እርሷ ትከፋለች።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ሸምሱ የሐጅ ፈቃድ አገኘ። ሊሰናበተኝ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«የሰው ሐቅ ይዤ መሄድ አልፈልግም። አንድ ክረምት ስልቻውን ዝናብ ያስመታሁት እኔ ነኝ፤ ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ ዋሽቼሃለሁ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«አፉ ብዬሃለሁ።»

«አንተስ? ካለህ አውጣው። ዛሬ ምንም ብትለኝ አፉ እላለሁ።»

ፊቱን አየሁት። የስልቻው ሳጥን ከጀርባዬ ነበር።

«እኔ ምንም የለኝም» አልኩት።

ሲመለስ ከመካ የዘምዘም ውኃ ይዞልኝ መጣ። ለእኔ በስኒ ቀዳልኝ፤ ከዚያ ጣቱን አርሶ የስልቻውን መንፊያ ዳበሰ። «ይህም በረካውን ያግኝ» አለ። ቆሜ አየሁ። በማግሥቱም እንጨቱን በዚያው ስብ ቀባሁ።

ዛሬ ሐጂ ሸምሱ አርጅቷል፤ ጥርሱም ሳስቷል። በየዓመቱ በዒድ ከሰዓት በኋላ ግን ከቤቴ አይቀርም። ሳጥኑን ራሱ ይከፍታል፤ አንዲት መንዙማ ይነፋል፤ «እጅህን አላህ ይባርከው» ብሎ ይሄዳል።

አንባቢዬ፣ ለአንተ አስቀድሜ የነገርኩህ ምስክር እንድትሆንብኝ ነው። ምስክር ከሌለብኝ በዓሉ ሲደርስ እንደገና ዝም እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ግን ማምለጫ የለኝም። ዒድ ከመድረሱ በፊት አንዱን ቅጂ ከሳጥኑ ውስጥ፣ ከስልቻው በላይ አስቀምጠዋለሁ።

ሐጂ፣ አፉ በለኝ አልልህም። አንድ ጊዜ ሳልለምንህ ሰጥተኸኝ፣ ምንም የለኝም ብዬ መልሼልሃለሁ። እንጨትህ ዛሬም አልተሰነጠቀም፤ ልዋሽህ አልችልም፣ በእርሱ እስከ አሁን እኮራለሁ። የቀባሁት ግን የከርከሮ ስብ ነው።

ይህን አንብበህ ሳትጨርስ መንፊያውን ወደ አፍህ አታስጠጋው።