በዘንገና ዳር ያልታረሰችው መሬት

አምሳለ ክንዴ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንለትም ነበር። ሲያርስ ዓይኑ ዘንገና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጥቁር መሬት ይሄዳል፤ ምሳውን ሳይጨርስ ብድግ ይላል። ከእንጅባራ ገበያ ሲመለስ እንኳ መንገዱን አጣሞ በእሷ በኩል ያልፋል። ከግማሽ ጥማድ የማትበልጥ፣ ግን ሣሯ በበጋም የማይጠወልግ መሬት ናት።

አባቱ ክንዴ በጣሊያን ጊዜ፣ አምሳለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ፈረሱን ጭኖ እንደወጣ ቀረ። ፈረሱ ብቻውን እዚያች መሬት ላይ ሲግጥ ተገኘ። «እዚያው ገድለው ቀብረውታል፤ ሣሩስ በከንቱ ይለመልማል?» ተባለ። እናቱ ወይዘሮ በቀለችም አመኑ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞፈር አልነካትም። እህል በጠፋበት ክረምት ልጆቹ የድንች ቅቅል ሲሻሙ እያየ፣ «አባቴ ላይ አላርስም» አለ። እንዳይቆፍር ደግሞ የደብራቸው ቄስ፣ «በጥርጣሬ መቃብር አይነካም» ብለውታል።

በ1956 ዓ.ም. በዛብህ የሚባል ወጣት የአፈር ባለሙያ የሐይቁን ደለልና የዳሩን አፈር ሊመረምር መጣ። አገውኛ ስለማያውቅ አምሳለን መንገድ መሪና አስተርጓሚ አደረገው። ከጥቁሯ መሬት አፈር ሲዘግን አምሳለ እጁን ያዘው።

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ሰብል የሚያፋፋው ፎስፌት የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ ላውቅ ነው፣ ጋሼ። በውስጡ ኦክስጅን አለ፤ ኦክስጅን ደግሞ ከባድም ቀላልም አለው። ከዓለት የወጣው የራሱ ልክ አለው። በሕያው ሰውነት ያለፈው ግን ያ ፍጡር የጠጣውን ውሃ ልክ ይዞ ይቀራል።»

«አጥንትም?»

«አጥንትም።»

አምሳለ እጁን ለቀቀ።

አፈሩ ባሕር ማዶ ተላከ። አምሳለ ሦስት ጊዜ ፈረስ ጭኖ በዛብህ ወደሚያርፍበት ዳንግላ ወረደ፤ ሦስቴም «ገና ነው» ተብሎ ተመለሰ። እንቅልፍ አጣ፤ ከሚስቱ ከይታይሽ ጋር በሆነ ባልሆነው ተጨቃጨቀ። መልሱ የመጣው በግንቦት ነው።

«የዳገቱ አፈር ፎስፌት አብዛኛው ከዓለት ነው» አለ በዛብህ። «የዚያች መሬት ግን በሕያው ያለፈ ነው።»

አምሳለ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። «የሰው ነዋ!»

«ምርመራው እሱን አይለይም። ሰውም ከብትም የጠጡት ያንኑ ውሃ ነው። ግን ጋሼ፣ በጣም ብዙ ነው። የአንድ ሰው አጥንት ግማሽ ጥማድ መሬት እንዲህ አያደልብም።»

ይህን የሰሙት ቄስ «እንግዲያስ ጥርጣሬው ይጥራ» ብለው ራሳቸው ቆመው አስቆፈሩ። ከአንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የደረቀ እበት በንብርብር ወጣ፤ አመድ፣ የጥጃ ጥርስ፣ የበሰበሰ የአጥር እንጨት። ማንም የማያስታውሰው የጥንት በረት ነበር። የሰው አጥንት አልተገኘም።

ወይዘሮ በቀለች ጉድጓዱን ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ የት ነው ያለው?» አሉ።

አምሳለ በሰኔ መሬቷን አርሶ ገብስ ዘራባት። መሬቷ እስክትቆፈር ድረስ አባቱን ያገኘ መስሎት ስለነበር ማንንም ጠይቆ አያውቅም። አሁን ግን ገበያ በዋለ ቁጥር ሽማግሌ እየፈለገ «ክንዴን ያውቁታል?» ይል ጀመር። በሁለተኛው ዓመት አዘና ገበያ ላይ፣ ውቤ የሚባሉ ዓይነ ስውር አዛውንት ድምፁን ሲሰሙ ደነገጡ።

«የክንዴ ልጅ ነህ፤ ድምፅህ የእሱው ነው። ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ ቆስሎ እኔ ዘንድ አረፈ፤ ቤቱን ያውቃል ብዬ ፈረሱን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ቤታችሁን እንዳያቃጥሉባችሁ ስሙን ሳልናገር ቀበርኩት። በኋላ ዓይኔ ጠፋ፤ መምጫም አጣሁ።»

አምሳለ እናቱን በበቅሎ አምጥቶ አቶ ውቤ ክንዴን ወደቀበሩበት፣ ከአዘና ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካለ አንድ ወይራ ሥር አደረሳቸው። ወይዘሮ በቀለች አላለቀሱም። ወደ አቶ ውቤ ዞረው፣ «ሲሞት ብቻውን ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«የለም፣ እመቤቴ። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የአዛውንቱን ጉልበት ሳሙ።